ቀበሮ ገልብጣ የሠራቻቸው ድረ ገጾች

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ድረ ገጽ ካልኖረን ባሉበት ዘመን፣ በጫካው ውስጥ የነበረው ሰርቨር፣ ድረ ገጾች የሚቀመጡበት ማሽን፣ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የአንበሳ ነው። እንዳይግል ብለው ከፏፏቴው አጠገብ ባለ ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ አስቀምጠውታል። አራዊቱ ተሰብስበው «አንድ ማሽን ለሁላችን እንዴት ይበቃል?» ቢሉ፣ እመት ቀበሮ ጅራቷን አስተካክላ ተነሣች።

«አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ቤት ይሠራል?» አለች። «ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ድረ ገጽ እዚያው እተክልላችኋለሁ። ግድግዳው ለየብቻ፣ በሩ ለየብቻ፣ የይለፍ ቃሉም ለየብቻ። የከርከሮን ጓዳ ዝንጀሮ አያየውም።»

አንበሳ ፈቀደ። ለድካሟም ካደነው ሁሉ ጉበቱ የእሷ እንዲሆን አዘዘላት።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላቸው አህዮች ነበሩ። አህዮች ጅብን ስለሚፈሩ በየምሽቱ ማደሪያ ይቀያይራሉ። ድሮ የሚያድሩበትን ቦታ ለዘመድ የሚያሳውቁት በማናፋት ነበር፤ ችግሩ፣ ዘመድ ሲሰማ ጅብም ይሰማል። አሁን ግን ድምፅ ሳያሰሙ ሊጻጻፉ ነው። ጸሐፊያቸው ዳለቻ የምትባል ዓይን አፋር ልጅ ሆነች። ትምህርቷ ከመጀመሪያ ደረጃ ባያልፍም ፊደል የቆጠሩት ጥቂት ነበሩና ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። በየምሽቱ «ሆሄ ለሳትኩት ይቅርታ፤ ዛሬ የምናድረው ከሾላው ሥር ነው» እያለች ትጽፋለች። ታናሽ ወንድሟ ቡላ፣ ገና ወተት ያልተወ ውርንጭላ፣ ሾላ የሚለውን ሲሰማ ቀድሞ ሮጦ ለስላሳውን ቦታ ይይዛል።

እመት ቀበሮ ግን ለየብቻ መሥራት ሰለቻት። የአንበሳን ድረ ገጽ በጥንቃቄ ሠራችና ሌሎቹን ሁሉ ከሱ ገለበጠች። በየበሩ ላይ ስሙንና ሥዕሉን ቀየረች፤ የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት ሣጥን ግን ለሁሉም ያው አንዱ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አንዱን በር የሚከፍት ቃል ሌላውንም ይከፍት ነበር።

አንድ ቀን ዳለቻ ጭነት አድክሟት በሩን ሳተች። ቃሏን ጻፈች፤ ተከፈተ። ከፊቷ የተደረደረው ግን አጥንት ነው፤ የአያ ጅቦ ድረ ገጽ። ደንግጣ ዘጋችው። በማግሥቱ ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... የእኔ ቃል የአያ ጅቦን...»

«ገለጥ አድርገሽ ተናገሪ፤ ገለባ ጎርሰሻል እንዴ?»

«የእኔ ቃል... ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።»

«ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው?»

ዳለቻ ጆሮዋን ጣለች።

«እንግዲያው ተሳስተሻል» አለች ቀበሮ፣ ጉበቷን እያላመጠች። «ሌላ ቦታ ሄደሽ እንዲህ ብትዪ የሚሳቀው በእናትሽ ነው።»

ዳለቻ ተመለሰች። እናቷ «ምን ሆነሽ ነው ያቀረቀርሽው?» ብትላት «ምንም» አለቻት።

አያ ጅቦ በበኩሉ የራሱን በር የሚያውቀው በሥዕሉ ነው፤ አጥንት ተሥሎበታል። በአህዮቹ በር ላይ ደግሞ ኮርቻ አለ። አንድ አመሻሽ ጅብ ሆዱ ባዶ ነበርና ኮርቻው ጎድን መሰለው። «ይቺ የእኔ ናት» ብሎ ቃሉን ጻፈ። ተከፈተ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ አነበበ፦ ዛሬ የምናድረው ከወንዙ ማዶ ባለው አሮጌ በረት ነው።

«ለካ እመት ቀበሮ ደግ ኖራለች» አለ ከንፈሩን እየላሰ። «ራቴ ያለበትን ጽፋ አስቀመጠችልኝ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ አህዮቹ ወንዙን ተሻገሩ። ቡላ እንደልማዱ ለስላሳውን ቦታ ሊይዝ ቀድሞ ሮጠ። ጅብ ግን በረቱ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር።

በማግሥቱ አንበሳ ሸንጎ ተቀመጠ። «ጌታዬ፣ ጅብ ግድግዳዬን ሰብሮ ነው የገባው» አለች ቀበሮ።

«እኔ ምን ሰበርኩ?» አለ ጅብ። «ቃሌን ጻፍኩ፣ ተከፈተ፣ ራቴን አነበብኩ፣ በላሁ። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?»

አንበሳ የጅብን ቃል በራሱ በር ላይ አስጻፈ። የእሱም ተከፈተ። ያን ጊዜ አገሳ። ያስቆጣው የውርንጭላው ሞት አልነበረም፤ የራሱ በር ነው።

«ይህን አስቀድሞ የነገረሽ አለ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ ጌታዬ።»

ዳለቻ ከኋላ ቆማ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደችና መልሳ ከእናቷ ጀርባ ተሸሸገች።

አንበሳ ቀበሮን ከአገር አባረረ፤ ሰርቨሩንም አስጠፋ። ጅብን ማንም አልጠየቀውም፤ ጅብ ጅብ ነውና። አህዮችም ወደ ማናፋታቸው ተመለሱ።

እናትየዋ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ልጇ የወደቀበትን መሬት ታሸታለች። «አታልቅሺ» አለቻት ዳለቻን። «እንኳን እኛ አንበሳም አላወቀ። ከቀበሮ በቀር ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?»

ዳለቻ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ እኔ አውቅ ነበር» አለች። «የጅብን በር በእኔ ቃል ከፍቼ አይቼዋለሁ። ቀበሮ ስንተኛ ክፍል ነሽ ስትለኝ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ላንቺም፣ ለማንም አልተናገርኩም።»

እናትየዋ መሬቱን ማሽተቷን አላቆመችም። ቀናም ብላ አላየቻትም።

ከዚህ የምንማረው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለየብቻ እንደር ያሉ ሰዎች የአንዱ ቁልፍ የሌላውን በር አለመክፈቱን ገብተው ከማደራቸው በፊት መፈተን እንዳለባቸው፣ ስንጥቁን ያየም ቢያፍር እንኳ እየተንተባተበ እስኪሰማ ድረስ መናገር እንደሚገባው ነው።