ለመቆም ሰው የሚፈልግ ብስክሌት

አንድ አጭር ጡሩምባ ነፊ ነበረ። አጭር ስልህ ዝም ብሎ አጭር እንዳይመስልህ፤ ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ የሚለውን ለማወቅ ጠጋ ብለህ ማየት ነበረብህ። ስሙ ማንደፍሮ ይባላል። ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ከተማ የእድር ለፋፊ ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነሳና በየሰፈሩ እየዞረ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ከዚያ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይለፍፋል። አባቱም ይሄንኑ ሲሰራ ኖሮ ነው ጡሩምባውን ያወረሰው።

ታዲያ ሞት የሚያወራ ሰው ማን ይወዳል? ማንደፍሮ በመንገድ ሲያልፍ ሰላም የሚለው የለም። ሰርግ አይጠራም። እትዬ ይታይሽ የሚባሉ ባልቴት ደግሞ ባላቸው የሞቱ ጊዜ በደጃቸው ከነፋ ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያዩት በራቸውን ይቀረቅራሉ። ያሰጡትን በርበሬ ለዶሮ ትተው ነው የሚገቡት።

ከተማዋ እያደገች ሄደች። ሰፈሩ በዛ፣ አጥሩ ሁሉ ቆርቆሮ ሆነና ከፍ አለ። የማንደፍሮ እግር ግን ያው ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሞቱና የሩቁ ሰፈር ሳይሰማ ቀረ። አስከሬን የሚሸከም ጠፍቶ መንገደኛ ተለምኖ ተቀበሩ። ለእድር ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ይስማው ማንደፍሮን አስጠሩት።

"ማንደፍሮ፣ ሰው ልኩን ማወቅ አለበት። ከተማው በለጠህ። ባለባጃጁ ሞንታርቦ አለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሥራውን ለሱ እንሰጣለን፤ አንተም ጡሩምባውን ታስረክባለህ።"

"እስከዛስ ጋሼ?"

"እስከዛማ ንፋ። አንድ ቀብር ጭር ካለ ግን ስብሰባም አልጠብቅ።"

እንግዲህ ማንደፍሮ በዚያ ከተማ ያለው ነገር ያ ጡሩምባ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱበት ማንም በር እንኳ የማይቀረቅርበት ሰው ሊሆን ነው።

ቀጥ ብሎ ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ወደ ጋሽ ውበቴ ሄደ። "የሚነዳ ነገር ይስጡኝ" አላቸው።

"እዚህ ያለው ሁሉ ባለቤት አለው። ባለቤት የሌለው ያ ብቻ ነው" ብለው ወደ አጥሩ ጠቆሙት።

አጥሩ ላይ የሚታየው የዱባ ሐረግ ነው። ሐረጉን ሲገልጡት ከውስጡ የብስክሌት አጥንት ወጣ። ጎማ የለው፣ ኮርቻ የለው፣ መሪ የለው፤ ባዶ ብረት። ድሮ ዓለምን በብስክሌት ሲዞር የነበረ አንድ ፈረንጅ እዚያ ከተማ ሲደርስ ታመመና ትቶት ሄደ። ፈረንጁ የባህር ዛፍ ያህል ነበር ይላሉ፤ ብስክሌቱም የተሰራው በሱ ልክ ነው። ማንደፍሮ አጠገቡ ሲቆም የላይኛው ብረት እምብርቱ ላይ ደረሰ።

"በመጋዝ እንቁረጠውና እናሳጥረው" አለ።

ጋሽ ውበቴ የብርጭቆ ወረቀት አነሱና ዝገቱን ሸክሸክ አደረጉት። ከስሩ ሐይቁ ጠዋት ጠዋት የሚመስለውን የሚመስል ሰማያዊ ቀለም ወጣ። ብረትና ብረት በተጋጠመበት ቦታ ሁሉ ቅጠል የመሰለ ቅርፅ ተቀርጾበታል፤ ብየዳው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ከዚያ በመፍቻ መታ አደረጉት። ብረቱ እንደ ቃጭል ጮኸ። ድምፁም ቶሎ አልጠፋም፤ ቆየ፣ ቀጠነ፣ እንደገና ቆየ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው እስኪያልቅ ድረስ አዳመጡ።

"ሰማኸው?"

"ሰማሁ።"

"ይኼን የሰራ ሰው በረሃ አስቦ፣ ተራራ አስቦ ነው የሰራው። እነዚህን ትንንሽ ቀለበቶች አየሃቸው? ጓዝ ማሰሪያ ናቸው። አሁን ይኼን ላንተ ቅልጥም ብዬ ልቁረጠው?"

"ታዲያ ቅልጥሜን ልቀጥለው?"

"ኮርቻውን እስከ መጨረሻ አወርድልሃለሁ። ፔዳሉ ላይ እንጨት አስርልሃለሁ። መሄዱን ትሄዳለህ። መሬት ግን እግርህ አይደርስም። ለመውጣት ድንጋይ፣ ለመቆም ሰው ያስፈልግሃል።"

"እኔን ማን ይይዘኛል፣ ጋሽ ውበቴ?"

ጋሽ ውበቴ መፍቻቸውን አነሱ። ቡሎን ካልሆነ በቀር ብዙ ነገር የሚያጠብቁ ሰው አልነበሩም።

ሥራው ተጀመረ። ጎማውን ከአንድ ስብርባሪ፣ ሰንሰለቱን ከሌላ ስብርባሪ አመጡ። የጎማውን ሽቦ እየወጠሩ፣ እያዞሩ፣ እንደገና እየወጠሩ ሳይወላገድ እንዲሽከረከር አደረጉት። እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈውን መሪ ጋሽ ውበቴ ጣራ ስር ሸሽገውት ኖሯል፤ አወረዱት። የቆዳው ኮርቻ ቋንጣ ሆኖ ስለነበር ቅቤ እያጠጡ አለሰለሱት። ያ ፈረንጅ ዓለምን ሲዞር በመቀመጫው የቦረቦረው ጉድጓድ አለው፤ ማንደፍሮ ሲቀመጥበት እንደ እንቁላል ጎጆው ውስጥ ገባ። ጡሩምባውን መሪው ላይ አንጠለጠሉት። ሲያልቅ ጋሽ ውበቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ፀጉር እንደሌላቸው ከተማው ያወቀው ያን ዕለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ እማማ አልጣሽ የሚባሉ አሮጊት ሞቱ። ከሩቅ አገር መጥተው ብቻቸውን የኖሩ ናቸው፤ ዘመድ የላቸውም። የእድር መዋጯቸውን ግን አጉድለው አያውቁም። አቶ ይስማው ሲሰሙ "ይኼ ቀብር ጭር ማለቱ ነው" አሉ። ማንደፍሮም ሰማ።

ጎህ ሲቀድ ጋሽ ውበቴ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣና ኮርቻው ላይ ተሰቀለ። ጋሽ ውበቴ ገፋ አደረጉት። ሄደ። ያ ብረት ተራራ ታስቦ የተሰራ ብረት ነው፤ የከተማውን ጉድጓድ ከጉድጓድም አልቆጠረው። ከዚህ በፊት ቆርቆሮ እየመታ ሲመለስ የኖረው የጡሩምባው ድምፅ ዛሬ ከአጥሩ በላይ አለፈ። ሰው በየግቢው ብቅ ሲል የሚያየው ምንድነው? የእግር ኮቴ የለም፣ የሞተር ድምፅ የለም፤ ከአጥሩ ጫፍ በላይ አንድ ጭንቅላትና አንድ ጡሩምባ በጭጋጉ ውስጥ እየተንሳፈፉ ያልፋሉ። መልአክ መጣ ብለው ያማተቡ ነበሩ። ሳቅ ከፈለግህ ሳቅ፤ አንተ ብትሆን አልጋ ስር ነበር የምትገባው።

ችግሩ መቆም ላይ መጣ። እየሄደ ሲለፍፍ የሟቿ ስም አንድ ቤት፣ የቀብሩ ሰዓት ሌላ ቤት ወደቀ። ግማሹ ሰፈር ማን እንደሞተ ያውቃል፣ መቼ እንደሚቀበሩ አያውቅም፤ ግማሹ ሰዓቱን ይዞ ለማን እንደሚያለቅስ ግራ ገባው። ማንደፍሮ አደባባዩን መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ፣ በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ያዙኝ" አለ።

ቤታቸው አደባባዩ ዳር የሆነው እትዬ ይታይሽ እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ ነው። ግን ሞት የሚያወራ ሰው "ያዙኝ" ሲል ሰምተው አያውቁም። በሩን በረገዱትና ሮጠው ኮርቻውንም ኮቱንም አንድ ላይ ጨመደዱ። ብስክሌቱ ቆመ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው።

"ማነው ዛሬ?" አሉት።

"እማማ አልጣሽ።"

"ማን አላቸው?"

"ማንም።"

እትዬ ይታይሽ ለቀቅ አላደረጉትም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ላቡን አይተው የሱንም ግንባር ጠረጉለት።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ስድስት ሰዓት።"

"ላይኛው ሰፈር ማን ይይዝሃል?"

"እኔ እንጃ።"

እሳቸውም አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው "አንቺ ሙሉነሽ፣ ማንደፍሮ እየመጣ ነው፤ ያዢው" ብለው ተጣሩ። ገፉትም። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሰፈር ለሌላው እየጮኸ አስተላለፈው። አስከሬን ትከሻ እየቀያየረ እንደሚሄድ ማንደፍሮም ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ከተማውን ጨረሰ። ዘመድ የሌላቸው የእማማ አልጣሽ ቀብር ላይ ሰው መቆሚያ አጣ። በማግስቱ ደግሞ በየሰፈሩ መግቢያ ላይ የማንደፍሮ እግር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጦ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው የተናገረ የለም።

አቶ ይስማው ግን ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። የስብሰባው ቀን ደረሰ፤ ድንኳኑ ሞላ። "በአንድ ቀብር መድመቅ ከተማ አይመራም" አሉ። "ጡሩምባው ለባለባጃጁ መሰጠቱን የምትቃወሙ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።"

ሰው ዳኛ ይፈራል። አንድም እጅ አልወጣም።

ማንደፍሮ ይኼን ጊዜ ጡሩምባውን ሊያስረክብ እየመጣ ነው። ድንኳኑ አጠገብ ድንጋይ የለም። አንዴ ድንኳኑን ዞረው። ደግሞ ዞረው። በሸራው ላይ ጥላው ሲያልፍ ሁሉም አየው። ከዚያ ያቺ ድምፅ ተሰማች፤ "ያዙኝ።"

ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ። ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ ባለባጃጁ። ብስክሌቱ በሰው መሃል ቀስ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ፣ ውሃ ላይ እንዳለ ታንኳ ቆመ። አቶ ይስማው ማን እንዳልተነሳ ሊያዩ ወደ ወንበሮቹ ዞሩ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። የራሳቸውም። እጃቸውን ሲያዩ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈውን መሪ ጨብጧል።

ድምፅ አልተቆጠረም። ማንደፍሮ እስካሁን ይነፋል።

እና ወዳጄ፣ ልክህ የሆነ ነገር ብቻህን ያስኬድሃል፤ ብቻህንም ያቆምሃል። ከልክህ በላይ የሆነው ግን ሰው ይፈልጋል። ሞትም ለአንድ ቤት ልኩ አይደለም፤ እድር ያቆምነው ለዚያ ነው። ስለዚህ ትልቅ ነገር ሲገጥምህ መጋዝ ለማንሳት አትቸኩል፤ "ያዙኝ" ማለት ልመድ። ማንም አይወጣም ብለህ እንዳትፈራ፤ መቀርቀሪያው ላይ ያለው እጅ ራሱ በሩን የሚከፍተው እጅ ነው።

ለመሆኑ ያንተ ደጅ ላይስ ድንጋይ አለ?