ሆያ ሆዬ በግራዝማች ይመኑ ደጅ

ግራዝማች ይመኑ ሀብታቸውን አገር የሚያወራው፣ እጃቸው ግን የማይፈታ ሰው ነበሩ። የቡሄ ዕለት ምሽት የመንደሩ ጎረምሶች ሆያ ሆዬ እያሉ ደጃቸው ሲደርሱ፣ ከእንግዶቻቸው መካከል ተነሥተው ወጡና ግጥም አውጪውን ጠሩት።

«እውነት የሆነ ምስጋና ካወጣህልኝ ሙልሙል እሰጥሃለሁ። ከዋሸህ ወይም ከሰደብከኝ ግን ውሻዬን እፈታብሃለሁ» አሉት።

እንግዶቹ ሳቁ። ቸር ቢላቸው ውሸት፣ ስስታም ቢላቸው ስድብ ነው። ጎረምሳው ውሻውን በጎን እያየ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያም ዱላውን መሬት መታና፣

«ከእርስዎ ደጅ ጨፍሮ የተመለሰ ሰው፣ ሸክም ከብዶት አያውቅም!» ሲል አወጣ።

እንግዶቹ ሳቃቸውን ሲታገሉ፣ ግራዝማች «ውሸት ነው!» ብለው ጮኹ።

«ውሸት ከሆነማ ጌታዬ» አለ ጎረምሳው፣ «መጀመሪያ ሙልሙሉን ያሸክሙኝ፤ ውሻውን ከዚያ በኋላ ይፈቱታል።»