አንድ በሽተኛ፣ አንድ አስታማሚ

አንድ ምላሰ ስል ገበሬ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ስቶ እግሩን ቆረጠውና ጎረቤቶቹ አራት ሆነው በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ግን ለጉብኝት የመጡ አንድ ሹም ቆመዋል። ቦርሳ የሚይዝላቸው፣ ጃንጥላ የሚዘረጋላቸው፣ ስልክ የሚያነሳላቸው፣ ያሉትን ሁሉ «ልክ ነው» የሚልላቸው፣ ብቻ አጃቢያቸው በሩን ሞልቶታል።

ሹሙ ቃሬዛውን ሲያዩ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ምንድን ነው ይሄ ግርግር? ለአንድ በሽተኛ የሚፈቀደው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው! ሦስታችሁ ከዚህ ጥፉ!»

ተሸካሚዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ቃሬዛ እንዴት አድርጎ ለብቻ ይያዛል? የገበሬው እግር የታሰረበት ነጠላ በደም ርሷል፤ ምላሱን ግን መጥረቢያው አልነካውም። ከተኛበት ቀና አለ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። እኔ መቆም አቅቶኝ እንኳ አራት ሰው ነው የያዘኝ። እርስዎን በእግርዎ ቆመው ይሄ ሁሉ አስታማሚ ከከበበዎት፣ ሕመምዎ ቢጠና ነው።»

ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ።

«በሉ እኔን አውርዱኝና እሳቸውን አስተኟቸው። እኔስ እያነከስኩም ቢሆን እገባለሁ።»