አንድ ወንበር ለሶስና

እስቲ እናንተ፣ ልጃችሁ ማንበብ መቻሏን በምን ታውቃላችሁ፤ ስታነብ ሰምታችሁ ወይስ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይታችሁ?

እትዬ ዝማም በጆሮዋ ሰምታ ታውቅ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሰምታለች። የሟች እህቷን የልጅ ልጅ ሶስናን ቤት ውስጥ ያስተማረቻት እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው አገር፣ በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ስትደረድር፣ የደረደረችውንም ስታነብ ኖራ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ዋርካ በር የተመለሰችው ልጅቷ የሚያሳድጋት ስላጣች ነው። ይዛ የመጣችውም ሦስት ሣጥን መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ሶስና የሚጥል በሽታ አለባት። ሦስተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ላይ ወደቀች። የክፍል ጓደኞቿ ወላጆች «ይጋባል» ብለው ፈርመው አመለከቱ። ርዕሰ መምህሩም «እስኪሻላት ቤቷ ትቀመጥ» አለ። አልተሻላትም። ቤቷ ተቀመጠች፤ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም።

አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሚሰጥበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ወንበር። ያን ወንበር ካጣች ዘጠነኛ ክፍል የለም፤ ዘጠነኛ ክፍል ከሌለ ዕድሜ ልኳን «ያቺ የምትወድቀዋ ልጅ» ተብላ ትቀራለች። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ መዝጋቢዋ ዘንድ ቀረቡ።

«ትምህርት ቤት?» አለች መዝጋቢዋ ቀና ሳትል።

«ቤቴ» አለች ሶስና።

«ቤቴ የሚባል ትምህርት ቤት ዝርዝሬ ላይ የለም፣ እህቴ።»

«መመሪያሽን ግለጪው» አለች ዝማም። «በቤት የተማረ ተፈታኝ ማስረጃ ያቀርባል ይላል። አይፈተንም አይልም።»

«ማስረጃ ያቀርባል አሉ አይደል፣ እማማ? ያቅርቡዋ! የትምህርት ቤት ደብዳቤ ካላየሁ አልመዘግብም።»

ዝማም መመሪያውን ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። ማስረጃ ይላል፤ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሆነ አይልም። ደንብ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ወንበር የያዘ ሰው ደንብ አውጪ ይሆናል።

መዝጋቢዋ አልመዘግብም አለች፤ መዝጋቢዋ ካልመዘገበች ለሶስና ወንበር የለም።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄዱ። ያው የድሮው፣ አቶ ፋንታሁን ነው።

«ያላስተማርኳትን ልጅ ተምራለች ብዬ እንዴት እጽፋለሁ፣ እትዬ? ከወጣች አምስት ዓመቷ።»

«ማን አስወጣት?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለና እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ሰካው። «ከወረዳ ካልተመራልኝ አልጽፍም።»

ርዕሰ መምህሩ አልጽፍም አለ፤ ርዕሰ መምህሩ ካልጻፈ መዝጋቢዋ አትመዘግብም፤ መዝጋቢዋ ካልመዘገበች ለሶስና ወንበር የለም።

ወደ ወረዳው ሄዱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ማክሰኞን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነው። ረቡዕ ረፋድ ላይ አስገባቸው፤ ወንበርም አቀረበላቸው።

«ቤት ማስተማርዎ የሚያስመሰግን ነው። ግን ልጅቷ እዚህ ኖራ መማሯን በምን አውቃለሁ?»

«ይኸው ፊትህ ቆማለች። ጠይቃት።»

«እኛ ሰው አንጠይቅም፣ እማማ፤ ወረቀት ነው የምንጠይቀው። ቀበሌው ማኅተም ካልመታበት አልመራም።»

ኃላፊው አልመራም አለ፤ ኃላፊው ካልመራ ርዕሰ መምህሩ አይጽፍም፤ ርዕሰ መምህሩ ካልጻፈ መዝጋቢዋ አትመዘግብም፤ መዝጋቢዋ ካልመዘገበች ለሶስና ወንበር የለም።

ወደ ቀበሌው ሄዱ። ጸሐፊው ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው፤ እጁን ግን አላነሳበትም።

«ልጅቷ ቤት ውስጥ ስትማር የሰማ፣ ግድግዳ የሚጋራችሁ ጎረቤት ይፈርም።»

«በግራችን የእህል መጋዘን ነው።»

«መጋዘን አይፈርምም። በቀኝስ?»

የመለሰችው ሶስና ናት። «በቀኝ ወይዘሮ አሰገደች ናቸው።»

«ጥሩ። እሷ ካልፈረመች ማኅተም አልመታም።»

ጸሐፊው ማኅተም አልመታም አለ፤ ጸሐፊው ማኅተም ካልመታ ኃላፊው አይመራም፤ ኃላፊው ካልመራ ርዕሰ መምህሩ አይጽፍም፤ ርዕሰ መምህሩ ካልጻፈ መዝጋቢዋ አትመዘግብም፤ መዝጋቢዋ ካልመዘገበች ለሶስና ወንበር የለም።

አሰገደች ማን ናት? «ይጋባል» የሚለውን ማመልከቻ ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች ያስፈረመች እሷ ናት። ዝማም በዚያ ሰሞን ገበያ መሐል አቁማ፣ ሰው እየሰማ፣ የአፏን ሁሉ ተናግራታለች። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተዘጋግተው ኖረዋል።

ሐሙስ ጠዋት ደጇ ቆሙ። አሰገደች ግቡ አላለችም፤ በሩንም አልዘጋችም።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ጭቃ ግድግዳ ምን ይደብቃል? የሰባትን ብዜት በስተርጅና የተማርኩት ከእሷ ነው። ግን አልፈርምም።»

«ልታስወጪያት ስትፈርሚ እጅሽ ፈጣን ነበር።»

«ያኔ ገበያ ላይ ስታዋርጂኝ፣ ሁለተኛ በዚች ልጅ ጉዳይ እጄን ባስገባ ሚካኤል ይፍረድብኝ ብዬ ምያለሁ። የነፍስ አባቴ ከመሐላው ካልፈቱኝ አልፈርምም።»

ተያይዘው መምሬ ላቀው ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌው የሦስቱንም ሰምተው ሲያበቁ ወደ ዝማም ዞሩ።

«መሐላውን የወለደው ጠባችሁ ነው። ጠቡ ሳይበርድ መሐላውን አልፈታም። ይቅር በያት።»

«አልልም።»

«አንዲት ቃል ናት፣ ልጄ።»

«በልቤ የሌለውን በአፌ አልልም፣ መምሬ።»

«እንግዲያውስ ስሚ» አሉ ቄሱ በቀስታ፣ እንደ ጸሎት። «ዝማም ይቅር አልልም አለች፤ ዝማም ይቅር ካላለች እኔ አልፈታም፤ እኔ ካልፈታሁ አሰገደች አትፈርምም፤ አሰገደች ካልፈረመች ጸሐፊው ማኅተም አይመታም፤ ጸሐፊው ማኅተም ካልመታ ኃላፊው አይመራም፤ ኃላፊው ካልመራ ርዕሰ መምህሩ አይጽፍም፤ ርዕሰ መምህሩ ካልጻፈ መዝጋቢዋ አትመዘግብም፤ መዝጋቢዋ ካልመዘገበች ለዚች ልጅ ወንበር የለም።»

አራት ቀን ሙሉ ዝማም ይህን ሰንሰለት በሌሎች ላይ ስትቆጥር ነበር። በጫፉ ላይ የገዛ ስሟን አገኛለሁ ብላ አላሰበችም። ልጅቷን አየቻት። አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበች ሴት አንዲት ቃል አጣች።

«መምሬ» አለች ሶስና። «የወደቅኩት እኔ ነኝ። የተባረርኩትም እኔ ነኝ። ታዲያ ይቅርታው የማን ነው?»

ቄሱ «የአንቺ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ይቅር ብያቸዋለሁ።»

ዝማም እጅጌዋን ያዘቻት። «አታድርጊው! አይገባቸውም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። እኔ ግን መፈተን ነው የምፈልገው።»

ሶስና ይቅር አለች። ሶስና ይቅር ብትል መምሬ ላቀው ፈቱ፤ መምሬ ቢፈቱ አሰገደች ፈረመች፤ አሰገደች ብትፈርም ጸሐፊው ማኅተም መታ፤ ጸሐፊው ማኅተም ቢመታ ኃላፊው መራ፤ ኃላፊው ቢመራ ርዕሰ መምህሩ ጻፈ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢጽፍ መዝጋቢዋ ዓርብ ከሰዓት፣ መዝገቧን ልትዘጋ ስትል መዘገበች። በዚያ ሁሉ ደጅ ሲያልፉ አንድም ሰው ሶስናን «እስቲ አንዲት መስመር አንብቢልኝ» አላላትም።

የፈተናው ቀን ሶስና አዳራሹ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ዝማም ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታያታለች። አሰገደች ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። አቶ ፋንታሁን ፈገግ ብሎ መጣ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ። ይኸው ሁሉም ሆነ። ያለፈው አልፏል፤ እርስዎም ይቅር ይበሉን።»

ዝማም ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም።

«እሷ ይቅር ብላችኋለች። የሰጠቻችሁ የራሷን ነው፤ የእኔን አልሰጠቻችሁም። መዝጋቢዋን ይቅር አልልም። አንተን ይቅር አልልም። ኃላፊውን፣ ጸሐፊውን፣ ያቺን እዚያ የቆመችውን ይቅር አልልም። ልጅ ይቅር እስክትል መሐላውን ሳይፈቱ የቆዩትን ቄስም ይቅር አልልም። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የተገኘችውን ዝማምንም ይቅር አልላትም። ሂድ አሁን፤ እኔ ማንንም ይቅር አልልም።»