በምሽጉ በር ላይ «ይቅደሙ»

ትርንጎ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። የምትኖረው በአንዲት የቆላ ከተማ ነው፤ ዘመኑም የጦርነት ዘመን ነበር። የጠላት አውሮፕላን ጎረቤት ከተማን ከደበደበ በኋላ ቀበሌው ፈቃደኞችን ሲጠራ ትርንጎ እጇን አወጣች፤ ወንድሟ ልብስ ሰፊው ጎሹም አብሯት ተመዘገበ።

የትርንጎ ሥራ ቀላል ነበር። ለማስጠንቀቂያ በዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ብረት ሲመታ፣ ከቦንብ መሸሸጊያ በተቆፈረው ምሽግ አፍ ላይ ቆማ የሰፈሩን ሰው ታስገባለች። ጎሹ ደግሞ በሰልፉ መጨረሻ ሆኖ ደካሞችን ይደግፋል። መግቢያው ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም። ስለዚህም አሠልጣኛቸው አሥር አለቃ የሰጣቸው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «የቀረበ ይግባ። የዘገየውን ገፍታችሁ አስገቡት።»

ገፍታችሁ! ማንን? ሁልጊዜ ቀድመው የሚደርሱት ባሻ ድልነሳው ነበሩ፤ ትርንጎን የዳሩ፣ የሰፈሩን ጠበኛ ሁሉ ያስታረቁ ሽማግሌ። እኒህን ሰው ማን ይገፋል?

በልምምዱ ቀን ባሻ ከበሩ ደርሰው ቆሙ፤ እናቶች እያሉ እኔ አልቀድምም አሉ። እናቶቹም ሽበት እያለ እኛ አንገባም አሉ። ትርንጎ እጅ ነስታ በሞቴ ስትል፣ ባሻ በፍጹም ሲሉ፣ ሰልፉ ፀሐይ ላይ ቆመ።

ጎሹ ከኋላ፣ «ግድ የለም፤ ቦንቡም ጨዋ ነው፣ እስክንገባ ይጠብቀናል» አለ። ሁሉም ሳቀ። አሥር አለቃው ብቻ አልሳቀም። ትርንጎ ግን በልቧ፣ ይህ ልምምድ ነው፤ የእውነቱ ቀን ሲመጣ እገፋለሁ አለች።

የእውነቱ ቀን መጣ። ገበያ በደራበት ሰዓት ብረቱ ተደወለ፤ ድምፁ ሳያባራ የአውሮፕላኑ ጉርምርምታ ተሰማ። ባሻ ከበሩ ደረሱ። እግራቸው እንደ ለመደው ቆመ። የትርንጎም አንገት እንደ ለመደው ጎንበስ አለ። «ይቅደሙ፣ ባሻ።» «እናቶች ይግቡ፣ ልጄ።»

«ትርንጎ! ግፊያቸው!» አለ ጎሹ ከሰልፉ መጨረሻ።

እጇን አነሣች። እጇ ከባሻ ጋቢ ላይ ደርሶ ቆመ፤ መግፋትን አልተማረምና። ባሻ በመጨረሻ እሺ ብለው ገቡ፤ እናቶቹ ተከተሉ። የሰልፉ ጭራ ግን ገና ውጭ ነበር።

ጎሹን በማግስቱ ቀበሩት። አጠገቡ የነበሩትንም እንዲሁ።

ባሻ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሲመጡ በር ላይ የነበሩት ሰዎች ገለል ብለው ይቅደሙ አሏቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይለመኑ ቀድመው ገብተው የማያውቁት ሰው ሳያንገራግሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ትርንጎ ከተቀመጠችበት አየቻቸው። ሁለቱም አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ባሻ ክፉ ሰው ነበሩን? አልነበሩም። ትርንጎስ ወንድሟን ጠልታ ነበርን? እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልነበረም። ጎሹን የገደለው ቦንብ ነው፤ የጣለውም ስለ ደሙ ይጠየቃል። ነገር ግን በቀላሉ ቀን ያልለመድነውን በጭንቁ ቀን ከወዴት እናመጣዋለን?

እናንተስ፣ ከወንድማችሁ የተጣላችሁ? ከእርሱ ጋር ሳትነጋገሩ ስንት ፋሲካ አለፈ? የዕርቅ በር ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ካልቀደመ ማንም አይገባም። እናንተ «እርሱ ታላቅ ነው፣ እርሱ ይጀምር» ትላላችሁ፤ እርሱም «ታናሽ ነው፣ እርሱ ይምጣ» ይላል። አንዱ ክብር ይለዋል፣ ሌላው ሥርዓት ይለዋል። ሁለታችሁም በሩ ላይ ቆማችኋል።

ዘወር ብላችሁ ተመልከቱ። ልጆቻችሁ ከኋላችሁ ተሰልፈዋል። የአጎታቸውን ልጆች በመንገድ ሲያገኙ ፊታቸውን ማዞር ከወዲሁ ተምረዋል። እናንተ ካልገባችሁ እነርሱ አይገቡም።

የቀረበ ይግባ፣ ወገኖቼ። የቀረባችሁት እናንተ ናችሁ።