ቦራን ማን ይከትበው?

ወጌን ልጫን፣ ጋሪውን ያዙልኝ።

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ እልፍነሽ የምትባል ባለጋሪ ነበረች። ባሏ ሲሞት የተወላት አንድ ጋሪና ቦራ የሚባል ግንባረ ነጭ ፈረስ ብቻ ነው። በዚያ ክረምት የፈረስ በሽታ ገባ። ጠዋት ያተኮሰው ፈረስ ማታ አረፋ ይደፍቃል፣ ሲነጋ ሞቶ በገመድ ይጎተታል። የጎረቤቷ ፈረስ ሲጎተት ያየች ዕለት እህል አልወርድ አላት። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ ለቦራ አንድ መርፌ።

ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ውብሸት ሄደች። በደስታ ተቀበላት። ክትባቱ በበረዶ ታሽጎ ካልመጣ መንገድ ላይ ይበላሻል፣ በረዶውን ካገኘሽ እከትብልሻለሁ አላት።

ዓሣ ሻጯ ጠጅቱ ዘንድ ሄዳ በረዶ ለመነች፤ ያለ በረዶ ሐኪሙ አይከትብ፣ ያለ ክትባት ቦራ አይተርፍ። ጠጅቱ ከልቧ አዘነች። ግን ነፋስ ጣራዋ ላይ ያለውን የመብራት ሽቦ በጥሶት ፍሪጁ ቆሟል፣ ዓሣው ራሱ ሊሸት ነው።

ወደ ኤሌክትሪሻኑ ስንታየሁ ሮጠች። ሽቦውን ቀጥልልኝ አለችው፤ ያለ መብራት ጠጅቱ በረዶ አትሠራ፣ ያለ በረዶ ሐኪሙ አይከትብ፣ ያለ ክትባት ቦራ አይተርፍ። ስንታየሁ ለእልፍነሽ ሲል ጣራ ቀርቶ ሰማይ ይወጣ ነበር፤ መሰላል የለውም እንጂ።

አናጢው ጋሽ ደርብ ዘንድ ደረሰች። ያለ መሰላል ስንታየሁ ሽቦ አይቀጥል፣ ያለ መብራት ጠጅቱ በረዶ አትሠራ፣ ያለ በረዶ ሐኪሙ አይከትብ፣ ያለ ክትባት ቦራ አይተርፍ። ጋሽ ደርብ መዶሻውን አስቀመጠ። እንጨቱ ከድልድዩ ማዶ ተከምሯል፣ የሚያመጣው ጋሪ ቢገኝ መሰላሉ ዛሬውኑ ይደርሳል አለ።

ጋሪማ አላት። ቦራን ጠምዳ እየሳቀች ወጣች። ድልድዩ ላይ የቀበሌው ዘብ አስቆማት፤ በሽታው እንዳይዛመት ያልተከተበ ፈረስ እንዳይሻገር ታዟል።

«ወንድሜ፣ ቦራ ካልተሻገረ እንጨት አይመጣ፣ ያለ እንጨት አናጢው መሰላል አይሠራ፣ ያለ መሰላል ስንታየሁ ሽቦ አይቀጥል፣ ያለ መብራት ጠጅቱ በረዶ አትሠራ፣ ያለ በረዶ ሐኪሙ አይከትብ፣ ያለ ክትባት ቦራ አይተርፍ።»

ዘቡ በጥሞና ሰማት።

«እውነትዎን ነው እትዬ። አስከትበውት ይምጡና አሳልፍዎታለሁ።»

እልፍነሽ ትእዛዙ ስለ ሰው ምን እንደሚል ጠየቀችው። አሰበ፤ ስለ ሰው ምንም አይልም። ቦራን ፈትታ ጥላ ሥር አሰረችው፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጠቀች፣ በጋሪው ዘንጎች መሃል ራሷ ገባች። ሰው ሳቀባት። እሷ ግን ጎተተች።

እንጨቱ መጣ፤ እንጨቱ ሲመጣ አናጢው መሰላል ሠራ፣ መሰላሉ ሲቆም ስንታየሁ ሽቦ ቀጠለ፣ ሽቦው ሲቀጠል ጠጅቱ በረዶ ሰጠች፣ በረዶው ሲገኝ ሐኪሙ ክትባቱን አምጥቶ ቦራን አንገቱ ላይ ወጋው። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። እልፍነሽ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

ሐኪሙ መርፌውን እየሰበሰበ፣ ቦራ ክትባቱ እስኪሠራለት ሁለት ሳምንት ሸክም እንዳይነካ አስጠነቀቃት። ይህን ሲናገር ጋሽ ደርብ በእልፍነሽ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«የሱንስ ዕረፍት ሰማሁ፣» አለ፤ «ማዶ ግን እንጨት ቀርቶኛል። አንቺ ነገ ትመጫለሽ?»

እልፍነሽ የተላጠ ትከሻዋን አሸት አሸት አደረገች። የጋሪውን ዘንጎች አንስታ በሁለት እጁ አስያዘችው።

«ጋሪው ይኸውልዎ፣ ጋሽ ደርብ። እኔና ቦራ እናርፋለን።»