የወረቀቱ ጀርባ

አንድ ሐኪም ነበረ። የደም በሽታ ያክማል። ታማሚዎቹ ከተኙበት ክፍል እስከ ላቦራቶሪው ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ወርዶት አያውቅም።

አንዲት ልብስ ሰፊ ወደ እሱ መጣች። ለሌላ ነገር ስትመረመር ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ህዋሳት እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኝተውባት ነበር። ቁጥሩ እንዲህ ሲወርድ ሰው ድዱ ሳይቀር ይደማል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ ፊቷ አበጠ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። «ይደገም» ብሎ ጻፈ። ተደገመ፤ ያው ሆነ። አሁንም «ይደገም» አለ፤ ያው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ህዋሳቱን የሚያጠፋው ጣፊያዋ ነው ተብሎ በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ተወሰነ። ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ነበር።

ሐኪሙ ግን መቀመጥ አልቻለም። መዝገቧን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ወደ አልጋዋ ይመለሳል፤ ክንዷን ያገላብጣል። አንድም የበለዘ ቦታ የለም።

«ዶክተር፣ የጠፋብዎት ዕቃ አለ እንዴ?» አለችው። የትራስ ልብስ እየሰፋች ነበር። መርፌው ጣቷን ወጋት፤ መጠጥ አደረገችውና መስፋቷን ቀጠለች። ደሙ ቆሟል።

ጣቷን አየ፤ መዝገቡን አየ። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። የተሳሳተው እሱ ራሱ ቢሆንስ? ተነሥቶ መዝገቡን እንደያዘ ደረጃውን ወረደ።

የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ «ማንን ፈለጉ?» አለው። ስሙን ሲነግረው ሳቀ። «አሃ፣ ዶክተር ይደገም!»

«ለልብስ ሰፊዋ የጻፉት ቁጥር እውነት ነው?»

«የማሽኑ ቁጥር ነው። ህዋሳቱ ግን ብልቃጡ ውስጥ ተጣብቀዋል፤ ማሽኑ የተጣበቀውን አይቆጥርም። ደሙ እንዳይረጋ የምንጨምረው ኬሚካል አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። በሌላ ዓይነት ብልቃጥ ይቀዳ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ።»

«የት?»

«ጀርባው ላይ ነዋ! ፊቱ ላይ ከቁጥር ሌላ ምን ቦታ አለው?»

ሐኪሙ መዝገቡን ገለጠ። ሦስቱም ወረቀቶች በጀርባቸው በሙጫ ተለጥፈዋል። እንዳይጠፉ ብሎ ይለጠፉ ያለው እሱ ነበር።

«ለመሆኑ ሴትዮዋ ትደማለች?» አለ ባለሙያው።

«አትደማም።»

«ይህንንስ ለእኔ ማን ነገረኝ?»

አብረው ወጡ። ባለሙያው በሌላ ብልቃጥ ደሟን ቀዳ፤ ደሟን ሦስት ጊዜ ያየ ሰው ፊቷን ገና ማየቱ ነበር። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ቀዶ ጥገናው ቀረ።

እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ «ታማሚ ማከም ልማር መጥቼ ስድስት ወር ላቦራቶሪ ምን ልሠራ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሐኪሙ አንቺ ነሽ። እዚያ የምትቀመጪው የእነሱን ሥራ ልትቀሚ አይደለም፤ ወረቀት ጀርባ እንዳለው እንድታውቂ ነው። የላቦራቶሪ ሠልጣኞቹም በተራቸው ወደ እኛ ወጥተው ታማሚ አልጋ አጠገብ ይቆማሉ። ያ ሐኪም ሃያ ሁለት ደረጃ ለመውረድ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የሴትዮዋ ፊት ያበጠው በዚያ ሦስት ሳምንት ነው።